ለወረቀት የተነፈገች ጥይት

ዊልዳ ካስቶ የተናደደችው ገና አንድም ጥይት ሳይተኮስ ነው። ተርኪ የሚባለው ትልቅ የዱር ዶሮ አደን ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ወንድሟ ዴንዚል ማዕድ ቤቷ ገባና፣ አንዲት ትንሽ ካርቶን ከኪሱ አውጥቶ ከበቆሎ ቂጣው አጠገብ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ውስጧ አምስት ጥይት ነበር።

"እዪማ፣" አላት። "ተንግስተን የሚሉት ብረት ነው። እርሳስ እንዳይመስልሽ። ስድሳ እርምጃ ላይ ያለ አውራ ይዘርራል።"

"ማን አለ?"

"ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።"

"ካርቶኑ ተኩሶ ያውቃል?"

ዴንዚል ሳቀ። ሁልጊዜም ይስቃል፤ እሷን ደግሞ ከምንም በላይ የሚያበግናት ሳቁ ነው። "ውስጧ ያለችው ፍሬ እኮ ጤፍ ታህላለች፣ ግን ከእርሳስ ትከብዳለች። ትንሽ ስለሆነች ብዙ ትገባለች፤ ከባድ ስለሆነች ደግሞ ዘልቃ ትመታለች። አንቺ ያንን የአባባን ቁጥር አምስት የእርሳስ ጥይት ይዘሽ ኑሪ።"

ስለ ፍሬዋ ያለው እውነት ነው፤ ዊልዳም አልካደችም። ተርኪ ደረቱን ተመትቶ የሚወድቅ ወፍ አይደለም። ላባው ወፍራም፣ አጥንቱ ጠንካራ ነው። የሚመታው ራሱና አንገቱ ላይ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከአንድ ጭብጥ አይበልጥም። ስለዚህ ፍሬው በዛ ቢል ጥሩ፣ ከበድ ቢል ደግሞ የተሻለ ነው። እሷን ያናደዳት ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ ረሽ ጠመንጃ የራሱ ጠባይ አለው። ከአንዱ ቀጥ ብላ የወጣች ጥይት ከሌላው ስትወጣ ወደ ላይ ወይ ወደ ጎን ትሸሻለች። አባታቸው አዲስ ጥይት በገዛ ቁጥር ወረቀት ላይ የተርኪ ራስ ይስልና አጥር ላይ ይቸነክራል። ሠላሳ አምስት እርምጃ ቆጥሮ ይተኩስና መነጽሩን አድርጎ ቀዳዳዎቹን ያያል። ራሱ ላይ ያላረፈች ጥይት ጫካ አትገባም። በቤታቸው ከጸሎት ቀጥሎ የሚከበረው ሕግ ይኸው ነበር።

"ወረቀቱን አጥሩ ላይ ቸንክሬልሃለሁ፣" አለችው። "አንዷን ተኩስና እንይ።"

"አንዷን? ዊልዳ፣ ጤና የለሽም እንዴ! በአንዷ ዋጋ እኮ እኔና አንቺ በሽማግሌው በርል ሱቅ ጠግበን ምሳ እንበላለን። ወረቀት ልገድልባት ነው?"

"ምሳውን እኔ እጋብዝሃለሁ። ተኩስ።"

"ካርቶኑ ላይ ተጽፏል አልኩሽ እኮ!"

እንግዲህ ፍረዱ! በዓለም ላይ ውድ የሆነውን ጥይት ይገዛና፣ ውድ ስለሆነ ብቻ ሳይሞክረው ጫካ ይገባል። በዚያ ዓመት ይህን ሞኝነት የሠራው ዴንዚል ብቻ አልነበረም፤ በየኮረብታው ስንት ነበሩ። ግን ሌሎቹ ወንድሞቿ አይደሉም።

ዊልዳ ንዴት ማመቅ አይሆንላትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ በኦሃዮ ኮረብታ የጠጠር መንገድ ላይ የተማሪ አውቶቡስ ነድታለች። የሚረብሽ ልጅ ሲገኝ ዳር ይዛ ታቆምና፣ ሞተሩን አጥፍታ እስኪያፍር ድረስ በመስታወቱ ዓይን ዓይኑን ታየው ነበር። ዛሬ የልጅ አባት የሆኑት ሁሉ መንገድ ላይ ሲያገኟት እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ። ባሏ ኦሪን ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። በሯን የምትከፍተው ለዴንዚል ነው፤ እሱም ጎማ ፋብሪካ ካለበት ከተማ በየሚያዝያው ይመጣል።

አባታቸው ለሁለቱም እኩል አላወረሰም። ለዴንዚል ጠመንጃውን፣ ለዊልዳ የተርኪ መጥሪያውን ሰጠ። በእጅ የምትያዝ የእንጨት ሳጥን አለች፤ ክዳኗ ሲፋቅባት እንደ ሴት ተርኪ ታስካካለች። በዊልዳ እጅ ስትገባ ታባብላለች፣ ትኮራለች፣ ታኮርፋለች። ዴንዚል ሲሞክራት ግን ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ትሆናለች፤ ጫካው ሁሉ ጸጥ ይላል። በዴንዚል ሳሎን ግድግዳ ላይ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው የተሰቀሉት የአውራ ጭራዎች በሙሉ እሷ የጠራችለት አውራዎች ናቸው። ይህን ለማንም አንስታ አታውቅም።

የመክፈቻው ቀን አንድ ዓመት የእሷ፣ አንድ ዓመት የእሱ ነው። ዘንድሮ ተራው የዴንዚል ነበር። ይሁን እንጂ ከኩሬው በላይ ባለው ሸንተረር አንድ ሽማግሌ አውራ አለ። ዊልዳን ሁለት ጸደይ አታሏታል፤ ትጠራዋለች፣ ይመልስላታል፣ ሊደርስ ሲል ይቀራል። የጉልበቷ መገጣጠሚያ ደግሞ አልቋል። ሐኪሙ በሰኔ ቀዶ ብረት ሊያስገባበት ቀጥሯታል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ዳገት መውጣቷ አጠራጣሪ ነው። በየጸደዩ ለአንድ አዳኝ የሚሰጠው አንድ ፈቃድ፣ የሚገደለውም አንድ ወፍ ነው። ስለዚህ ከዴንዚል ጋር ተስማሙ። በመክፈቻው ቀን አውራውን ትጠራለታለች፤ ቀንቶት ከመታው የእሱ ነው። ካመለጠው ግን የቀሩት ሳምንታት የእሷ ናቸው፤ እሱ ሌላ ሸንተረር ይፈልጋል።

በመክፈቻው ማለዳ ዴንዚል አንድ ትልቅ ዛፍ ተደግፎ ተቀመጠ፤ እሷ የራሷን ጠመንጃ ይዛ ከኋላው። ጎህ ሲቀድ አውራው ከማደሪያው ዛፍ ላይ ጮኸ። ዊልዳ ሳጥኗን አንዴ ፋቀቻት፤ መለሰላት። ወርዶ መጣ። ደረቱን ነፍቶ፣ ጭራውን ዘርግቶ፣ ከደረቱ የተንጠለጠለው ጢሙ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። የዝናብ ውሃ ከሸረሸረው ቦይ ማዶ ሲደርስ ቆመ፤ ስድሳ እርምጃ ይሆናል።

"ቆይ፣" አለች በሹክሹክታ። "ዞሮ ይመጣል። ተወው።"

"ጥይቱ ይደርሳል።"

"ዴንዚል፣ አትተኩስ!"

ተኮሰ። አውራው ተንከባለለ፣ ተነሣ፣ አንድ ክንፉን እየጎተተ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ዊልዳ በዓይኗ በብረቱ አየችው።

"ሳትኩት፣" አለ ዴንዚል።

"ክንፉ ተሰብሯል።"

"ቅጠል ነው ያየሽው። ንጹሕ ስቼዋለሁ።"

ጉልበቷን ደግፋ ተነሣችና ቦዩን ተሻገረች። ከመሬት ጥቁር ላባ አነሣች፤ ሥሩ ላይ ደም አለበት። አመጣችለት። "ይሄስ?"

"ላባ መቼም ይረግፋል። ሳትኩት አልኩሽ እኮ! ስንቴ ልበልሽ?" ልብሱን አራገፈ። "ነይ፣ ቀትር ሳይሆን ወደ ታች እንውረድ፤ እዚያም ሌላ አውራ ሲጮህ ሰምቻለሁ።"

ደሟ ፈላ። ለምን ሳትኩት እንደሚል ገብቷታል። መታሁት ካለ ፍለጋ አለበት፤ ካገኘው ደግሞ ፈቃዱ ያልቃል፣ ወቅቱ በመጀመሪያው ማለዳ ይዘጋበታል። ሳትኩት ካለ ነገም ቀን ነው። ለወረቀት የነፈጋትን ጥይት ለሽማግሌው አውራ አልነፈገውም!

"ሂድ፣" አለችው። "ከፊቴ ጥፋ።"

ብቻዋን ፈለገችው። ቁልቁለቱን አንዳንዴ በቂጧ እየተንሸራተተች ወረደች። ፀሐይ ከፍ ስትል፣ በወደቀ ግንድ ቅርንጫፎች መካከል ተሸጉጦ አገኘችው። አንገቱን መሬት ላይ ዘርግቶ አያት። ሁለት ዓመት ያላገጠባት ወፍ አሁን ሊሸሻት እንኳ አልቻለም። የክንፉ አጥንት ተሰብሮ ወጥቷል፤ ራሱ ላይ ግን አንዲት ጭረት የለችም።

እዚያው ቆማ አሰበች። ትታው ብትሄድ ማንም አያያትም፤ ማታ ቀበሮ ይጨርሰዋል፣ እሷም ፈቃዷን እንደያዘች ትቀራለች። ከገደለችው ግን የእሷ ነው፤ ሕጉ ገዳዩን ነው የሚያውቀው። ይህ ጸደይ ምናልባትም የመጨረሻዋ ነው፤ ሌላ ሰው ያቆሰለውን ወፍ ተሸክማ ልትጨርሰው ነው። እንባዋ መጣ፤ የንዴት እንባ ነው። ጥቂት ወደ ኋላ አለችና በአባቷ ቁጥር አምስት እርሳስ ራሱን መታችው።

ተኩሱን ሰምቶ ዴንዚል እየሮጠ መጣ። ወፉን ሲያይ ፊቱ በራ።

"ይኸው! አላልኩሽም? ስድሳ እርምጃ ላይ! ተንግስተን ማለት ይሄ ነው!"

ዊልዳ ወደ እሱ ዞረች። "አሁን መታኸው?"

"ታዲያ ክንፉን ማን ሰበረው?"

"እሺ፣ የፈቃድህን መለያ ወረቀት እሰርበት።"

ዴንዚል ራሱን አከከ። "እሱማ... የገደልሽው አንቺ ነሽ። ሕግ ነዋ፣ እቴ።"

ጀግንነቱ ለእሱ፣ ዕዳው ለእሷ! ዓይኑን በጨው አጥቦ ፊት ለፊቷ ቆሟል። ዊልዳ መለያዋን አውጥታ ስሟን ጻፈችና በአውራው እግር ላይ አሰረች።

በርል ሱቁ ደጃፍ ላይ ሚዛን ሰቅሏል። በመክፈቻው ቀን የቀናውም ያልቀናውም እዚያ ይሰበሰባል፤ እንቁላልና ቋሊማ ይበላል፣ ይዋሻል። ዊልዳ ወፉን ከመኪናዋ እስክታወርድ ዴንዚል ወሬውን ጀምሮት ነበር። የጥይቱን ካርቶን እጅ በእጅ አዙሮ አሳይቷል።

"ስድሳ፣ ምናልባትም ሰባ እርምጃ!" ይላል። "ዷ! አለቀ።"

ሽማግሌው በርል ወፉን ሚዛኑ ላይ ሰቀለና መለያውን አነበበ። ግራ ገባው። "ዊልዳ፣ እዚህ ላይ ያለው ያንቺ ስም ነው። ወፉ የማን ነው?"

"እሱን ጠይቀው።"

ሁሉም ወደ ዴንዚል ዞሩ።

"በል ንገራቸው፣" አለች። አውቶቡስ ውስጥ ልጆቹን በምታይበት ዓይን አየችው። "መትተኸው ነው ወይስ ስተኸው? ከመታኸው፣ አቁስለኸው ጥለኸው ሄደሃል። ከሳትከው፣ እዚህ የምታወራው ውሸት ነው። አንዱን ምረጥ።"

ዊልዳ ጠበቀችው። እውነቱን ለመናገር፣ "መታሁት፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ቢላት እዚያው ይቅር ልትለው ልቧ ዝግጁ ነበር። የሄደው ጸደይ አይመለስም፤ ያቺን ቃል ብቻ ነበር የፈለገችው።

ዴንዚል ካርቶኑን ከአንዱ ሰው እጅ ነጠቀና ኪሱ ከተተ።

"ሳትኩት፣" አለ።

ሰዎቹ በሳቅ ፈነዱ። "በዚህ ሁሉ ተንግስተን ሳትክ?" አለው አንዱ። "ምነው ድንጋይ በወረወርክ!" ዴንዚል ጆሮው ቀላ፤ ግን ጥፋቱን ከማመን መሳቂያ መሆንን መረጠ። ዊልዳ አልሳቀችም። ወፉን ከሚዛኑ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለችና ወጣች።

ወፉን መኪናዋ ላይ ስትጭን ተከትሏት መጣ። መሬት መሬቱን ያያል።

"ነገ በስንት ሰዓት እንውጣ?"

"እንውጣ?"

"ያንቺ ፈቃድ አልቋል፤ ያው የኔ ስላለ... ትጠሪልኛለሽ ብዬ ነው።"

ዊልዳ የመኪናዋን በር ይዛ ቆመች። ከንዴቷ ሌላ ምንም አልተሰማትም፤ ንዴቱም ቢሆን አሁን በርዷል።

"አልጠራልህም፣ ዴንዚል። ዘንድሮም፣ ለከርሞም።"

"ዊልዳ፣ እኔ እኮ መጥራት አልችልም።"

"አውቃለሁ፣" አለችው። "ለዚህ ነው ሌላ ወፍ የማታቆስለው።"

በሩን ዘግታ ሞተሩን አስነሣች፤ ወፉን ልትነጭ ወደ ቤቷ ነዳች።