የዳቦው ቀን

ያን ቀን የበላነውን ሒሳብ ማን ከፈለው? በኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው፤ ሰው ሁሉ የጠፋበትን መጽሐፍ ከየመደርደሪያው አውጥቼ እሰጣለሁ፤ አንድ ቅጠል ተገንጥሎ ቢጎድል እንኳ አውቀዋለሁ፤ ይህችን አንዲት መልስ ግን ፀጉሬ እስኪሸብት ፈልጌ አላገኘኋትም።

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ማሕሌት «አክስቴ፣ ዛሬ እንኳ ከመጽሐፍ ላይ ተነሺ» ብላ ሐይቁ ዳር አዲስ ወደተከፈተ በርገር ቤት ወሰደችኝ። ምግቡን በስልኳ አዘዘች፤ ችፕሱ ቀድሞ መጣና በርገሩ እስኪደርስ ቀዘቀዘ፤ ቢላ የጠየቅኋት አስተናጋጅ እንግዳ ነገር እንደለመንኋት ሁሉ አየት አድርጋኝ ሄደች፣ ቢላውንም ስንጨርስ አመጣችው። ይህን ሁሉ በልቤ እየመዘገብሁ ሳለ (እንዲህ ነኝ፤ ማሕሌት «ደግሞ ጀመረች» ትላለች) ከወጥ ቤቱ በጋለ ብረት ላይ የተጣለ ሽንኩርት ሸተተኝ፤ ከሐይቁ በኩል ደግሞ የረጠበ ደንገል ሽታ ነፈሰ፤ ሁለቱ ሽታዎች ጠረጴዛችን ላይ ተገናኙ። ማሕሌት ለመክፈል ስልኳን ስታነሣ አስተናጋጇ ፈገግ ብላ «ተከፍሏል» አለች። ድሮ መጻሕፍት አውሰው የነበረ ተማሪ፣ አሁን ጎልማሳ ሆኖ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ኖሮ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ። ማሕሌት ሳቀች። እኔ ግን ያችን ቃል ስሰማ ከወንበሬ ሳልነሣ ወደ ልጅነቴ ሄድሁ።

ከደልጊ ወደ ባሕር ዳር የተሻገርነው ገና ትንሽ ሳለሁ በአቶ ደምሴ ጀልባ ነው። ከዚያ መንገድ የቀረኝ ጉሙ ነው፤ ውኃውና ሰማዩ አንድ ዓይነት ነጭ ሆነው፣ ጀልባዋ በየትኛው ላይ እንደምትሄድ ሳይታወቅ፣ እናቴ ዶሮዎቹን በነጠላዋ ሸፍና፣ አባቴ የማያውቀውን ከተማ በጉሙ ውስጥ አሻግሮ እያየ። አቶ ደምሴ የጀልባና የብዙ ከብት ጌታ ነበሩ፤ ዕቃችንን ያለ ዋጋ ያሻገሩልን፣ አባቴንም ዘመድ ጠይቀው ፋብሪካ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ስማቸው በቤታችን ሲነሣ አባቴ ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ ይል ነበር። «አይሆንም» የሚለው ቃል ደግሞ በተፈጥሮው ከአፉ አይወጣም፤ ጎረቤት መጥረቢያውን ተውሶ ቢያስቀርበት፣ መልስልኝ ከማለት ይልቅ ለራሱ ከሌላ ጎረቤት ይዋሳል። ጥርሶቹ ሰፋ ሰፋ ብለው የበቀሉ ነበሩ፤ ሥጋ ተበልቶ ሰው ስቴኪኒ ሲቀባበል «ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ የእኔ ሥጋ መንገዱን ያውቀዋል» ይልና እነዚያን ክፍተቶች እያሳየ ይስቃል። የነበረችው ቀልድ ያች ብቻ ናት፤ እኛም ሁልጊዜ እንስቅለት ነበር።

ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ «ለከርሞ» ይባላል፤ ከርሞ ሲመጣ አንድ ሌላ ሕፃን ተወልዶ ይጠብቀኛል። ፊደል የቆጠርሁት ከጎረቤት ልጆች ጀርባ ቆሜ ነው፤ ማንበብን የለመድሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው፤ በዚህም ምክንያት በልጅነቴ ያነበብሁት ወሬ ሁሉ መጨረሻው ተቀዶ የቀረ ነበር። እናቴ ይህን ታውቃለች። አባቴ አያውቅም፤ እሱ ከፋብሪካ ደክሞ ይመጣል፣ እኔም ዝምተኛ ነበርሁ።

አሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ሲል አቶ ደምሴ ለልጃቸው እኔን እንዳሰቡ ተሰማ። እናቴ «በዕቃ ማሻገሪያ ልጄን?» ብላ ጮኸች። አባቴ «እስቲ ሰውየውን እንስማቸው» አለ። ለእናቴ ይህ እሺ ማለት ነበር። በማግስቱ ጊዮርጊስ ሄዳ፣ ነገሩን ካፈረሰላት ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ልታገባ ተሳለች። በእኛ በኩል የወንዱ አባት ይጋብዛል፣ የሴቷ አባት ይበላል፤ የሰውየውን ምግብ በልቶ አመስግኖ ከተነሣ ከዚያ ወዲያ ቃል አያስፈልግም። አቶ ደምሴም ግብዣውን ከፍ ለማድረግ ብለው ከዘንባባዎቹ ሥር የተከፈተውንና ከተሜው ሁሉ የሚያወራለትን በርገር ቤት መረጡ፤ ልጅቷም ትምጣና ልያት አሉ። እናቴ ሹሩባዬን ሠራችኝ፤ ሳትናገር፣ አጥብቃ፣ ቅንድቤ ወደ ላይ እስኪሳብ ድረስ።

ቀይ ኮፍያ ያደረገ አስተናጋጅ መጥቶ «ምን ልታዘዝ?» አለ። የምግቡ ስም በግድግዳው ላይ በቀለም ተጽፏል። አቶ ደምሴ ወደ አባቴ ዞረው «በል አንብብልን እንጂ ሙሉጌታ፣ ከተሜ አይደለህ!» አሉት። አባቴ ግድግዳውን አየ፤ ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። ያኔ እኔ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብሁት፤ በርገር በእንቁላል፣ በርገር በአይብ፣ የጾም በርገር፣ ችፕስ፣ ለስላሳ። አባቴ የሌላ ሰው ልጅ የተናገረች ይመስል ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ።

«ኧረ ይቺ ታነባለች!» አሉ አቶ ደምሴ፤ ደግ ሰው ነበሩ፣ ከልባቸው ነው የሳቁት። «ግድ የለም፣ ለጥጆቻችን ስም ታወጣልናለች፤ እኛ ዘንድ ሌላ ምን ይነበባል!» ከዚያ አስተናጋጁን «ሥጋው የማን ነው?» ብለው ጠየቁ፤ «የክርስቲያን ነው አባት» ሲላቸው አማተቡ። ምግቡ ሲመጣ ግን ግራ ገባቸው። ለእያንዳንዳችን የየራሳችን ሳህን ነበር።

«ለየብቻ? ተጣልተናል እንዴ?»

ጃኖአቸውን ወደ ኋላ ወረወሩና የራሳቸውን በርገር በጣታቸው ገነጣጥለው፣ ሥጋውን ከቲማቲሙ፣ ቲማቲሙን ከካቻፑ አዋህደው፣ የጡጫ ያህል ጉርሻ አድርገው አባቴን አጎረሱት። ካቻፑ በአገጩ ወረደ። ቀጥለው ወደ እኔ ዘረጉ። አፌን ከፈትሁ፤ ምን ላድርግ። ሥጋ እንደዚያ ጣፋጭ ሆኖ አያውቅም፤ ጢስና ስኳር አንድ ላይ፤ ልዋሽ አልችልም፣ ጣፈጠኝ፣ በመጣፈጡም ዕንባዬ መጣ። እሳቸው የዓይን አፋርነት መሰላቸው። ሁለተኛውን ሲያዘጋጁ አባቴ «እጄን ልታጠብ» ብሎ ተነሣ።

የእጅ መታጠቢያው በስተግራ ነበር። አባቴ በስተቀኝ ሄደ፤ ካሸሯ የስቴኪኒ ብርጭቆ ከፊቷ አድርጋ ከመስታወት ኋላ ወደተቀመጠችበት። በመካከላችን ሰዎች ቆመው ስለነበር የታየኝ ጀርባውና አንድ ክርኑ ብቻ ነው፤ ክርኑ ታጠፈ፣ ተዘረጋ። ሲመለስ እጁ ደረቅ ነበር፤ በከንፈሩ ስቴኪኒ ይዟል። ምግቡን ገና አልጨረሰውም፤ ተቀመጠና ስቴኪኒውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ መብላቱን ቀጠለ።

ተበልቶ አልቆ አቶ ደምሴ የተቋጠረ መሐረባቸውን ከደረታቸው አውጥተው ሲፈቱ አስተናጋጁ «ተከፍሏል አባት» አለ።

«ማን ነው የከፈለው?»

«እንዳይነገር ተብሏል።»

መሐረቡ በእጃቸው ላይ እንደተከፈተ ቀረ። ጋባዥን ቀድሞ መክፈል በሌላ ጊዜ ቢሆን ፍቅር ነው፤ በመሐላ የሚታገሉበት፣ የሚሳሳቁበት ነገር ነው፤ በዚያ ጠረጴዛ ግን ትርጉሙ አንድ ነበር። ምግብህን አልበላሁም፣ ልጄም አልበላችም ማለት ነው። አባቴን ለረዥም ጊዜ አዩት።

«ሙሉጌታ።»

«እኔ አይደለሁም ጋሽ ደምሴ፤ እርስዎን ቀድሜ?»

«እዚህ ቤት ውስጥ ሌላ ማን ያውቀኛል?» መሐረባቸውን ጥርሳቸውን ነክሰው መልሰው ቋጠሩት። «እምቢ አንዲት ቃል ነበረች እኮ፤ ዳቦውን ሳታስጨርሰኝ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ብለው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ደጃችንን አልረገጡም።

እኔና አባቴ በዘንባባዎቹ ጥላ ውስጥ በእግራችን ተመለስን። ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ዝቅ ብላ ነበር፤ መንገዱ፣ ሰዉ፣ የብስክሌቱ ጎማ ሁሉ የማር ቀለም ይዟል፤ ነጫጭ ወፎች በላያችን ወደ ደንገሉ ይገባሉ። ብዙ ከሄድን በኋላ «እስቲ ያን ግድግዳ በይልኝ» አለኝ። በቃሌ አልሁለት፤ በርገር በእንቁላል፣ በርገር በአይብ፣ የጾም በርገር። አንገቱን ደፍቶ እንደ ውዳሴ ማርያም ሰማኝ። «ድገሚልኝ» አለ። ቤታችን እስክንደርስ ደገምሁለት።

በመስከረም ትምህርት ቤት ወሰደኝ። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ጎኔን ሰጥቼ ነበር የምቀመጠው፤ ሕፃናቱ መጀመሪያ ዕለት አስተማሪ መስያቸው ተነሥተውልኛል። አባቴ ለመዝጋቢው ስለ እኔ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ግድግዳ ታነባለች።»

እናቴ ግን ጃንጥላውን ለጊዮርጊስ አስገባች እንጂ ለአባቴ ምንም አላስገባችለትም። በእሷ ሐሳብ ያዳኑኝ እሷና ጊዮርጊስ ናቸው፤ አባቴማ ሊሰጠኝ ወስዶኝ ነበር። በርገር የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ «የዳቦው ቀን» ነበር የምትለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱን ምሳ በራሱ ሳህን ለብቻ አቀረበችለት፤ በጨዋ ደንብ፣ ወጡንም ሳታጓድል፤ ግን በአንድ ትሪ አብራው አልቆረሰችም። አባቴ አላጉረመረመም። ስለ ሒሳቡ ሲጠየቅ «እኔ አልከፈልሁም፤ የከፈለውን እግዜር ይስጠው» ይላል፤ ዓይኑን አይሰብርም፣ ፈገግም አይል። እኔም ያየሁት አንድ ክርን ነው፤ ያላየሁትን አልመሰክርም ብዬ ዝም አልሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ብጠይቀው፣ እኔኑ እያየ «አይደለሁም» ቢለኝ፣ ከዚያ በኋላ ያ ክርን የማንም ክርን ይሆንብኝ ነበር። በመጨረሻው ሕመሙ ጊዜ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ብዙ አነበብሁለት፤ እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁት፤ እንዲሁ ሄደ።

ማሕሌት ወደ በርገር ቤቱ በወሰደችኝ ማግስት፣ እሑድ፣ እናቴ ዘንድ ሄድሁ። በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥሁና እኔም አብሬ እየለቀምሁ፣ «እማዬ፣ የዳቦው ቀን አባዬ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ካሸሯ ዘንድ ሄዶ ነበር» አልኋት።

«ምን ሊያደርግ?»

«እንጃ። ሰው ከለለኝ። እጄን ልታጠብ ብሎ ሄዶ ስቴኪኒ ይዞ ተመለሰ።»

እጆቿ ምስሩ ላይ ቆሙ።

«ስቴኪኒ?» አለች። «አባትሽ?»

«አዎ።»

«በእነዚያ ጥርሶቹ?»

ሳቋ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ምስሩ ከሰፌዱ ፈሰሰ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስክትደክም ሳቀች። ከዚያ ነጠላዋን ከአፏ ወደ ዓይኗ ወሰደችው። ሰብስቤ ስጨርስላት ሐይቁን እያየች፣ «እንግዲያ ከዚያ ጃንጥላ ግማሹ የእሱ ነበራ» አለች። «ምነው ለእኔ እንኳ ቢነግረኝ፣ ጥሩዬ?»

«እሱ ላይሆንም ይችላል እማዬ፤ እኔ ክርኑን ብቻ ነው ያየሁት።»

«ተይኝ እስቲ» አለችና ተነሥታ ምሳ አቀረበች። በሳህን አላደረገችውም፤ ትልቁን ትሪ ከላይ አወረደችው። ሁለታችን በላን፤ በእሱ በኩል የቀረውን ሳንነካው ተነሣን።