በጥፍር ፈሳሽ የጠገንኩት ጥርስ

የዚያን ቀን ጠዋት ጥርሴን በልጄ የጥፍር ማስረዘሚያ ጠገንኩት። ሰው ሠራሹን ጥርሴን ማለቴ ነው። የራሴማ ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ተራርቀው ስለሚኖሩ እርስ በርስ አይተዋወቁም። የላይኛው ጥርሴ የማሽላ ቆሎ ስቆረጥም ከመሃሉ ተሰነጠቀ። በዚህ ዕድሜህ ቆሎ ምን አስቆረጠመህ የሚለኝ ካለ እውነቱን ነው፤ እኔም ራሴን ጠይቄው መልስ አልሰጠኝም።

ጥርስ ሠሪው ያለው ወልዲያ ነው። ልጄ ግን እዚሁ ቆቦ፣ ከመኪናው መንገድ ገባ ብሎ ባለች ጠባብ ክፍል የሴቶች ጥፍር ትሠራለች። ነጭ ዱቄትና ሽታው አናት የሚበሳ ፈሳሽ ቀላቅላ በብሩሽ ጥፍር ላይ ትለጥፈዋለች፤ ትንሽ ቆይቶ ድንጋይ ይሆናል። ሽታው ደግሞ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ የጥርስ ሠሪው ቤት የሚሸተው ልክ እንደዚያ ነው። ከዓይኔ ይልቅ አፍንጫዬ ደህና ስለሆነ አመንኩት። ልጄ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቄ ዱቄቱን በፈሳሹ ለወስኩ፣ ስንጥቁን ሞላሁ፣ እስኪደርቅ እንኳ ሳልታገስ አፌ ውስጥ ከተትኩት።

መጀመሪያ ሞቀኝ። ቀጥሎ ድዴ ነደደ። ላውጣው ብል ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። ልጄ ጀሪካኗን ይዛ ስትመለስ በሩ ላይ አፌን ከፍቼ ለሃጬን አዝረከርካለሁ።

«ምን በላህ አባዬ?»

«ጥፍር» አልኳት።

ጠርሙሱ ክፍት፣ ዱቄቱ ጠረጴዛው ላይ ተበትኖ ስታይ ሌላ አልጠየቀችም። ጣቷን ከትታ ልታወጣልኝ ሞከረች። ያኔ ነው የጣቷ ጫፍ እንደ ሞረድ ከንፈሬን ሲፍቀኝ የተሰማኝ። ወዲያው እጇን መንጭቃ አውጥታ ዓይኗን ጨፈነች። የእኔን አፍ ትታ የራሷን እጅ ስታሽ ሳይ ገረመኝ፤ ታማሚው እኔ መስሎኝ ነበር።

በባጃጅ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ወጣቱ ሐኪም ብዙ ታግሎ ጥርሱን ነቀለልኝና «ምን ነበር የቀቡት?» አለ። ልጄ ቡናማውን ጠርሙስ ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችለት። እሱ ግን ጠርሙሱን ትቶ የያዘውን እጅ ማየት ጀመረ።

«እሳቸው ይድናሉ። አንቺ እጅሽን አሳዪኝ።»

አልፈለገችም። እሱም አለቀቃትም። በጥጥ ቀይ ቀለሙን ሲጠርግላት ጥፍሯ ከሥጋው ተላቆ ብድግ ብሏል። የጣቶቿ ጫፍ ዝናብ እንደቀረበት የእኛ ጥቁር አፈር ተሰነጣጥቋል። ስንት ጊዜ ነው «ምነው ዘንድሮ ቀለም በዛ፣ ልትዳሪ ነው እንዴ?» እያልኩ የቀለድኩባት። ለካ የምትቀባው ለመሸፈን ኖሯል።

«ሲያሳክክሽ ለምን አልተውሽውም?» አላት።

ወደ እኔ ሳታይ «አባዬ ምንም አያደርግም አለኝ» አለች።

አዎ፣ ብያለሁ። ባለፈው ክረምት ጣቷ መቅላት ሲጀምር አሳይታኝ ነበር። እኔ ደግሞ ወሬ ካገኘሁ የማልተወው ሰው፣ ጥርሴን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። «ይኼውልሽ፣ ያው አንድ ነገር ነው። እኔ ስንት ዓመት አፌ ውስጥ ይዤው ኖሬ ምን ሆንኩ? አፍ ያልጎዳ ጣት ይጎዳል?» አልኳት። ሳቀች፤ ሥራዋንም ቀጠለች። በዕድሜዬ ሙሉ ከተናገርኩት ሁሉ ሳትጠራጠር የተቀበለችኝ ያቺን አንዲት ነገር ብቻ ነው።

ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የእኔ ጥርስ በስሎ ያለቀ ነው፤ ፈሳሹ ግን ጥሬው ነው። ስሙን ሜቲል ሜታክሪሌት አለው፤ እኔ ጥርስም ኖሮኝ ይህን ስም መጥራት እንጃ። ሽታውን ስለሚያውቀው ገምቶ እንጂ ጠርሙሱ ላይስ ምንም አልተጻፈም። ለጥፍር የሚሠራ ሌላ ዓይነት አለ፤ ይኼኛው ርካሽ ስለሆነ ይቀላቅሉታል፣ በብዙ አገር ለጥፍር እንዳይውል ተከልክሏል አለ። ሰውነት አንዴ ከጠላው ደግሞ ጠላው ነው። ዘመዶቹንም አብሮ ይጠላል፤ የሚሻለውን ዓይነት እንኳ ብትቀይር እጇ ላይቀበላት ይችላል።

«ጓንት ባደርግስ?» አለች ልጄ።

«ጓንቱን ያልፈዋል። መተው ነው ያለብሽ።»

«ትቼ ምን ልሥራ?»

ለዚህ ሐኪሙም መድኃኒት አልነበረውም። ልጄ አረብ አገር የእመቤቷን ጥፍር ስትሠራ የተማረችውን ሙያ፣ ከሞረዶቿና ከአንዲት ትንሽ መብራት ጋር ይዛ ነው የተመለሰችው። ሁለት ሴት ልጆቿን የምታስተምረው በዚያች ክፍል ነው። እኔንም የምታበላኝ በዚያው ነው፣ ቆሎውን ጨምሮ።

ከሦስት ቀን በኋላ ሳልነግራት ጠርሙሱን ሽርጤ ውስጥ ሸጉጬ ቁጥጥር ይመለከተዋል ወደተባልኩት ቢሮ ሄድኩ። ፈሳሹን የሸጠላትን ሰው የሚይዝ ይኖራል ብዬ ነው። አንዲት ሠራተኛ በትሕትና ተቀብላ የመጣሁበትን ሰማችኝ። ጠርሙሱን አገላብጣ አየችው፤ ወረቀቱ ተልጦ የሙጫው ምልክት ብቻ ቀርቷል።

«መለያ የለውም አባባ። የሠራው አይታወቅ፣ የገባበት ቀን አይታወቅ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ይሸታል ብለሽ ጻፊ።»

ሳቋ አመለጣትና አፏን በእጇ ሸፈነች። ረጃጅም ነጭ ጥፍሮች፣ ትንሿ ጣት ላይ ሰማያዊ አበባ። አበባዋን አውቃታለሁ፤ ልጄ ናት እንደዚያ የምትስለው። እንዳየሁ አየችና እጇን ከጠረጴዛው ሥር ከተተች። ከዚያ ተነሥታ በሩን ገፋ አደረገችው።

«እንደ ልጅዎ ልንገርዎት። ብጽፍም ሻጩን አላገኘውም። ዛሬ ዋጃ ከመኪና ይወርዳል፣ ነገ ሮቢት ነው፤ ሱቅ የለው፣ አድራሻ የለው። በር ያላት ልጅዎ ናት። ሄደን የምናሽገው የእሷን በር ነው። ልጻፍ?»

ጠርሙሴን አንሥቼ «ተይው» አልኳት።

«እጇን በጣም አመማት እንዴ?» አለችኝ ስወጣ። ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ የራሷን ጥፍሮች እያየች «ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዛልኝ ነበር» አለች።

እቤት ስደርስ ልጄ ሰምታለች። የነገራት የባጃጁ ሾፌር ይሁን ጎረቤት አላውቅም።

«እኔን ልትከስ ሄድክ?»

«ጠርሙሱን ነው እንጂ አንቺን ምን አደረግሽኝ?»

«ጠርሙስ ይታሰራል አባዬ?»

ቁጭ ብዬ ስሕተቴን በሌላ ሐሳብ ልሸፍን ሞከርኩ። ወደ እንሶስላ ተመለሺ አልኳት። እናትሽ ስትዳር እኮ እጇም እግሯም በእንሶስላ ቀልቶ ነበር፤ እኔ ፊቷን ሳላይ በእጇ ነው የወደድኳት። እሺ አለችኝና ሥሩን ገዝታ፣ ወቅጣ፣ በሳህን አድርጋ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። ሁለት ሳምንት ቆየ። አንዲት ሙሽራ ብቻ አየት አደረገችውና «ይኼንንማ አክስቴ በነፃ ትሠራኛለች» ብላ ረጅም ነጭ ጥፍር አዘዘች። እንሶስላው ደረቀ።

ሠርግ ሲበዛ ከዋጃ አንዲት ሙሽራ ከአራት ሚዜዎቿ ጋር መጣች። ልጄ ጓንት በጓንት ላይ ደርባ፣ መስኮቱን ከፍታ፣ አፍና አፍንጫዋን በነጠላ አስራ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ሠራች። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ምን እንደምጠብቅ ግን አላውቅም። ሙሽራይቱና ሚዜዎቿ እየሳቁ እጃቸውን ፀሐይ ላይ ዘርግተው ሲወጡ አንደኛዋ «ምርቃት የለም አባባ?» አለችኝ። እጃችሁን ይባርክ ልላቸው አፌን ከፍቼ ቃሉ ቀረብኝ።

በማግስቱ ልጄ እጇን መጨበጥ አቃታት። የልጆቿን ፀጉር ማበጠሪያ መያዝ፣ በርበሬ መንካት፣ ቁልፍ ማዞር ሁሉ ቀረ። ሊጥ ያቦካሁት እኔ ነኝ፤ ውጤቱን ዶሮዎቹም ቀምሰው ተመካከሩበት። ልጄ ግን አልሳቀችም። ጥግ ላይ ተቀምጣ አሥር ጣቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታያቸው ነበር፤ የሌላ ሰው ዕቃ በአደራ እንደተቀበለች።

ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ፤ ሮጥኩ ስል በእኔ አሯሯጥ ነው። ቅባቱ መድኃኒት ቤት አልቋል። ወጣቱ ሐኪም ቦርሳውን ከፍቶ ጭራዋ የተጠቀለለች፣ ግማሿ ያለቀ ቅባት አወጣ።

«የራሴ ነው፤ ለቆዳዬ የማደርገው። መድኃኒት ቤት ሲገባ ይተኩልኛል። ሥራውን ካልተወች ግን ይኼም ውሃ ነው። ትታለች አይደል?»

«ትታለች» አልኩት። እንዲያ ያለ ሰው ፊት ቆሜ ዋሸሁ።

ከዚያ ወዲህ ክሊኒኩ ባለበት መንገድ አላልፍም፤ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ እዞራለሁ። ቅባቱ መድኃኒት ቤት ከገባ ቆይቷል። ልመልስለት ብዬ ሁለት ጊዜ ገዝቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ከበራችን ሳልወጣ ልጄ ከሥራዋ ቀና ብላ እንድቀባት እጇን ዘረጋችልኝ። የሰውየው ግማሽ ቅባት እስካሁን እኔ ላይ ነው።