ከመስኮቱ ሥር ያለችው ቀዳዳ

ሠርከአዲስ ሮቤ የመጣው ለሁለት ሳምንት ሥራ ነበር፤ የተቀበረውም እዚሁ ነው። ሰው «የባሌን ምድር ወዶ ቀረ» ይላል። ምን ያውቃል ሰው! ወዶ አልቀረም፤ ተይዞ ነው የቀረው። ከያዙት መካከል አንዱ የእኔው ባል ዲኖ ነበር፤ ያውም በደግነቱ።

ሠርከአዲስ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ግንበኝነትን ከአባቱ፣ ቡኻሪ መሥራትን ደግሞ አዲስ አበባ ከአንድ አርመን ተምሯል። ያኔ በጃንሆይ ዘመን እኛ የባሌ ደገኞች የምንሞቀው ቤቱ መካከል በሚነድ እሳት ነበር። ጭሱ በሣር ክዳኑ ሾልኮ ይወጣል፣ ዓይናችን ትንሽ ያለቅሳል፣ ለምደነዋል። የጎባ ሹማምንት ግን ቤታቸውን ቆርቆሮ አለበሱና በጭስ ታፈኑ። «ጭስ መውጫ አያጣም» ብሎ የተረተ ሰው የእነሱን ቤት አላየም። ስለዚህ ቡኻሪ ማሠራት ጀመሩ፤ ከግድግዳው ጋር በድንጋይ የሚገነባ፣ ጭሱን በረጅም አንገት ከጣሪያ በላይ የሚያስወጣ ምድጃ ነው።

ኅዳር ላይ፣ ጥርስ በሚያፋጭ ብርድ፣ ከጭነት መኪና ወርዶ ሱቃችን በር ላይ ቆመ። ዲኖ ጨውና አቡጀዲ ይሸጥ ነበር። «ኮቱ፣ ተኢ! ምን ያቆምሃል፣ ግባና ተቀመጥ» አለው ኦሮምኛውንና አማርኛውን ቀላቅሎ። እኔ ጓዳ ጠርቼ «ማን እንደሆነ እንኳ አትጠይቀውም?» ብለው፣ «በርዶታል፤ ሌላ ምን ልጠይቀው?» አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ነው ያገባሁት።

በማግስቱ ሠርከአዲስ ወደ አሠሪው ወደ ፊታውራሪ ተሰማ ጎባ ወጣ። ፊታውራሪ ጡረታ የወጡ፣ ሲናና ላይ ሰፊ የስንዴ መሬት ያላቸው፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ወለተኢየሱስ ጋር ሁለቱ ብቻቸውን በትልቅ ቤት የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ከእሱ በፊት የመጣ ግንበኛ የሠራላቸው ቡኻሪ ቤቱን በጭስ ሞልቶት፣ ሰውየው ራሱም እንደ ጭስ በንኖ ጠፍቶባቸዋል። አንዴ የተነደፉ ናቸውና፣ «ዋስ ሳትጠራ ድንጋይ አታነሳም» አሉት።

ዋስ የሌለው ሰው ያኔ ከሰው አይቆጠርም ነበር። ሠርከአዲስ ደግሞ በባሌ ምድር የሚያውቀው አንድ ሌሊት ያሳደረውን ሰው ብቻ ነው። አንገቱን ደፍቶ ሲነግረን ዲኖ «ቶሌ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። ሄዶ ዳኛ ፊት ቆመ። ፊታውራሪ ቡኻሪው ቀንም ማታም ያለ ጭስ ሲነድ በዓይናቸው ሳያዩ ሠርከአዲስ ከአገር ቢወጣ፣ ዲኖ በእሱ ፈንታ ወኅኒ ሊወርድ ቃል ገባ። እኔ አራስ ነበርኩ። ሕፃኑን ታቅፌ አፌ የፈቀደልኝን ሁሉ ተናገርኩ። «ሞሚና፣ እንግዳዬ ነው» ብቻ አለኝ።

ሠርከአዲስ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ መጥላቱ ይቀለኝ ነበር። ግን አልሆነም። በጋሪ ጠዋት ወደ ጎባ ይሄዳል፣ መንገዱ የጅብ ነውና ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ይመለሳል፤ ሲመለስ ልጄን ይዞልኝ እኔ ሥራዬን እሠራለሁ። ደብረ ብርሃን እጮኛ አለችው፤ እኅተማርያም ትባላለች። ሠርጋቸው ለጥር ተቆርጧል። ስለ እሷ ሲያወራ ፊቱ ሁሉ ሳቅ ይሆናል፤ «እትዬ ሞሚና፣ ለሠርጌ ትመጣላችሁ» ይለኝ ነበር።

ቡኻሪው ባሰበው ጊዜ አለቀ። እሳት እንደ ሰው ነው፣ አየር ካላገኘ ይታፈናል ብሎ ከመስኮቱ ሥር ጡጫ የምታስገባ ቀዳዳ ተወለት። ጠዋት ጥድ አነደደበት፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ! ዕቃውን ሸክፎ መጣ፤ እኔም ለመንገዱ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ቋጠርኩለት። በማግስቱ ግን የፊታውራሪ አሽከር መጥቶ «ማታ አጭሶ ቤቱን አስለቀቀን፤ ትጠራለህ» አለ።

ሄደ። ጠዋት ሲነድ ደህና ነው። ማታ አጨሰ ይባላል። የጭሱን አንገት አጠበበ፤ ማታ አጨሰ። አንገቱን ከፍ አደረገ፤ ማታ አጨሰ። ግማሹን አፍርሶ ደግሞ ገነባው፤ አጨሰ። «ምናልባት ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ይሆናል» ይላል፤ እንጀራ ጎርሶ ማኘኩን ይረሳል። ቆይቼ በዓይኔ ልየው ብሎ ሲለምን ወይዘሮ ወለተኢየሱስ «ማታ ቤቴ እንግዳ አልወድም» አሉ። ፊታውራሪም መሬት መሬቱን እያዩ «እንዳለችህ ነው» አሉት። እኔ ይህን ስሰማ ያላልኩት የለም። ሥራውን እንዳያይ ይከለክሉታል፣ ሥራው አልሆነም ብለው ይይዙታል!

ታኅሣሥ እንዲህ አለቀ። ፈረንጅ ዓለምን ዞሮ ያያል ይባላል፤ የእኛ ሰው ግን ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ ሮቤ፣ በዚያች መንገድ ላይ አለቀ። የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ ይላል፣ መልሶ ይቀመጣል። አንድ ቀን ዲኖ አላስቻለውም። «ነገ ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መኪና አለ። ሹፌሩን አነጋግሬዋለሁ፣ ሂድና አግባ» አለው።

«አንተስ ኦቦ ዲኖ?»

«እኔ አገሬ ነው፤ የትም አልሄድ። ወኅኒም ቢሆን ባሌ ውስጥ ነው» ብሎ ሳቀ።

ጠዋት ሠርከአዲስ ዕቃውን መኪናው ላይ ጫነ። ሊሰናበተኝ ወደ ጓዳ ሲገባ ዲኖን አገኘው። ባለቤቴ ቡልኮውን፣ መስገጃውንና አንድ ቅያሪ ልብሱን በገመድ ጠምጥሞ ከበሩ ኋላ እያስቀመጠ ነበር። ማንም እንዲያይበት አልፈለገም፤ ወኅኒ ሊወስዱት ሲመጡ እንዳያስጠብቃቸው ብሎ ነው። ሠርከአዲስ ጥቅልሉን አየ፣ እኔን አየ፣ የያዝኩትን ሕፃን አየ። ወጥቶ ዕቃውን ከመኪናው አወረደ። መኪናው ሲሄድ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር። እኔ አላህን አመሰገንኩ፤ ወዲያው ደግሞ በማመስገኔ አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን የነገረን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በዚያው ቀን ጎባ ወጥቶ፣ እንደሚመለስ ሰው ተሰናብቶ ከግቢው ወጣና ከቤቱ ጀርባ ካለው ጥድ ሥር ተደበቀ። ጀንበር ስትጠልቅ መስኮቱ ሲዘጋ ሰማ። ቀጥሎ ከመስኮቱ ሥር ያለችው የእሱ ቀዳዳ ከውስጥ ስትወተፍ አየ። ሄዶ በጣቶቹ ጎትቶ አወጣው። ለካስ ማታ ማታ ይደፍኑታል፣ ጠዋት እሱ ሳይመጣ ያነሱታል! እሳቱ የሚስበው አየር ሲያጣ ጭሱን ወደ ቤት ይመልሳል። መውጫው በእጁ ገባ፤ ይህንን ጨርቅ ለፊታውራሪ ማሳየት ብቻ ነው። ደስ ብሎት ጨርቁን ዘረጋው። የሕፃን ጥብቆ ነበረች።

ቀና ሲል ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ከፊቱ ቆመዋል።

«የብዙነህ ናት፤ የልጄ» አሉት። «አልጋው ከዚህ መስኮት ሥር ነበር። ነፋስ መታውና በሦስተኛው ቀን ሄደብኝ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ቀዳዳ ሳይ አልችልም፤ እንቅልፍ የለኝም።»

«እመቤቴ፣ ይህ ቀዳዳ ካልተከፈተ እኔ እስረኛ ነኝ።»

«አውቃለሁ። በየማታው ነገ አልደፍነውም እላለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፊታውራሪ ልብሱን ሁሉ ለነዳያን ስጪ፣ አለዚያ ኀዘን አይወጣልሽም ብለውኛል። ይቺን ደበቅኋት። ካወቁ ይቺንም ይወስዱብኛል። አትንገርብኝ፣ ልጄ።»

ሠርከአዲስ ጥብቆዋን አጣጠፋት። ከዚያም በገዛ እጁ ቀዳዳዋ ውስጥ መልሶ ወተፋት።

አያችሁ? ነፃ የሚያወጣውን ነገር በእጁ ይዞ መልሶ ደፈነው! በማግስቱ እኛ ቤት መጥቶም «አላወቅሁም፣ ሌላ መላ እፈልጋለሁ» አለን። መላውንም አገኘ። ከውጭ ጀምሮ በወለሉ ሥር ቦይ ቆፍሮ አየሩን ቀጥታ ወደ እሳቱ እግር ማምጣት ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ነፋስ ሳያልፍ ቡኻሪው ይተነፍሳል። ግን ወለሉ ከሐረና ጫካ በስንት መከራ በመጣ ጣውላ አዲስ የተሠራ ነው። ፊታውራሪ «ለጥምቀት እንግዶች አሉብኝ፤ እነሱ ሳይሸኙ ጣውላዬን አትነካም» አሉት። ጠበቀ። እንግዶቹም በሉ፣ ጠጡ፣ ሰነበቱ። የሠርጉ ቀን ሲደርስ ሠርከአዲስ ሱቃችን ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ምሳም አልበላ፤ እኔም ብላ አላልኩት። ምን ብዬ?

ቦዩ ተቆፈረ፣ ጣውላው ተመለሰ፣ ማታ እሳት ተለኮሰ። መስኮቱም ቀዳዳውም ድፍን እንዳለ ጭሱ ወደ ላይ ሄደ። ፊታውራሪ ዲኖን አስጠርተው ዳኛ ፊት ዋስትናውን አወረዱለት። ሠርከአዲስም ያገኘው መኪና ላይ ወጣ። ደብረ ብርሃን ሲደርስ እኅተማርያም የሰው ሚስት ሆናለች። ድግሱ ተደግሶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ሙሽራው ሲቀር ወላጆቿ ከሚዜዎቹ ለአንዱ ሰጧት። እንዳያፍሩ ነው፤ አልፈርድባቸውም። እሱም ተመልሶ መጣ። «ከእናንተ ሌላ የሚያውቀኝ ሰው የለም» አለን። ከዚያ ወዲህ በጎባና በሮቤ ቡኻሪ ያልሠራለት ባለሥልጣን የለም። ሚስት ግን አላገባም።

ከዓመታት በኋላ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ አረፉ። ከተዝካሩ በኋላ ፊታውራሪ አስጠሩት። እጅግ አርጅተው ነበር። «ያቺ ከመስኮቱ ሥር ያለች ቀዳዳ ብርድ ታስገባብኛለች፤ ድፈናት» አሉት። ጭቃውን ሲያቦካ ከጋቢያቸው ውስጥ አንድ ነገር አውጥተው ዘረጉለት። ጥብቆዋ ናት። «ይቺንም ከውስጥ አድርጋት» አሉት።

«ጌታዬ፣ ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ። ተደብቃ ስትወትፋት አያለሁ። ምን ብዬ ላስወጣባት? ግንበኛ ነህና መላ አታጣለትም ብዬ ያዝኩህ።»

ይህን ሁሉ በዚያው ምሽት እኛ ቤት ተቀምጦ፣ ጣቶቹ ላይ የደረቀውን ጭቃ እየፈረፈረ ነገረን። ዲኖ ኩታውን ፊቱ ላይ ጣለ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ባልም ያውቃል፣ ሚስትም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል! ሦስት ሰው አንዲት ቃል እንዳትወጣ አፉን ይዞ፣ የአንድ ሰው ትዳርና ዕድሜ በዚያች ቀዳዳ ይወተፍ?

«አንተስ ምን አልካቸው?» ብዬ ጮህኩበት።

«ጭቃው በደንብ ሳይደርቅ እሳት እንዳያነዱ ነገርኳቸው» አለኝ።

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን እላለሁ፣ እትዬ ሞሚና? ልጃቸው እኮ ነው።»

ተነስቼ በሩን በረገድኩት። ከጎባ በኩል የሚነፍሰው ብርድ እንዳለ ገባ። ዲኖ «ኧረ ዝጊው፣ ነፋስ ይመታናል» አለኝ። አልዘጋሁትም።