መጽሐፍ ውስጥ የገባችው ዳማ በቅሎ

ልጅ ሳለሁ የአንድ ጥማድ በሬ ዋጋ በአንድ ልብ ወለድ ላይ ሲፈስ አይቻለሁ። ደባርቅ አጠገብ ባለችው መንደራችን ያስተምር የነበረው አጎቴ፣ ከአባቱ የወረሳቸውን ሁለት በሬዎች ሸጦ ድርሰቱን ጎንደር ወስዶ በታይፕ አስመታ። አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ ለሳንሱር ላከ፤ ሌላውን ያኔ፣ የሊማሊሞ ንፋስ በጊዜ በር ሲያዘጋን፣ በኩራዝ ብርሃን ለጎረቤት ያነብ ነበር።

የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ፍሙን ከበን፣ የመበለቶችን ጎተራ እየጠረገ ስለሚያስጭን አንድ ጭቃ ሹም እንሰማለን። ሹሙ እንደ እውነቱ በኮታ ስም እህላችንን የሚያስጭነው የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነበር። አጎቴ ግን ተጠንቅቋል፤ ዘመኑን ወደ ድሮ መለሰ፣ አገሩን ጃናሞራ አደረገ፣ ወፍራሙን ሰውዬ አከሳው፣ ለራሰ በራው ጎፈሬ አበቀለለት።

አንድ ምሽት ሹሙ በቅሎው ላይ ሲወጣ፣ ጎረቤታችን እማማ ጥሩወርቅ ቆሏቸውን አስቀመጡ።

«ቆይ እስቲ፣ ዳማ ናት አልክ?»

«ዳማ ናት።»

«ጆሮዋም የተሰነጠቀ?»

አጎቴ ወረቀቱን ወደ ኩራዙ አስጠግቶ መስመሩን ደግሞ አየ።

«በስማም! ሰውዬውን ደብቀህ በቅሎውን ደጅ ላይ ታስራታለህ?»

የአጎቴ ፊት አመድ መሰለ። በእኛ አገር ሰው ከሩቅ የሚለየው በበቅሎው ነው፤ የተላከውም ቅጂ አይመለስም። ወሬው ገበያ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ሊቀመንበሩ ጠመንጃውን እንዳነገተ ከተፍ አለ። የአጎቴ ሚስት እስር ቤት የሚለብሰውን ጋቢ ማጣጠፍ ጀመረች።

«ጓድ መምህር፣ በቅሎዬን መጽሐፍ አስገባሃት አሉ?»

«አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«በል አንብባታ!»

አጎቴ ቅጂውን አውጥቶ አነበበ። ሊቀመንበሩ ፈገግ እንዳለ አዳመጠ፤ በቅሎዋ ስትገረፍ ግን ቱግ አለ።

«ይሄ ሌባ ሹም! እንዲህ ያለች በቅሎ ለሱ ትገባዋለች? መጨረሻው ምንድን ነው?»

«ሕዝቡ ያባርረዋል።»

«ደግ አደረጉ! እሷን ግን እንዳትገድልብኝ።»

ደስ ብሎት ሄደ። እማማ ጥሩወርቅ አጎቴን ጎሸም አደረጉት፦ «ተንፍስ እንጂ፣ ሄደልህ እኮ!» ያኔ የሳቅነው ሳቅ ጎናችንን እስኪያመን ነበር።

ሳንሱሩ ፈቀደ፤ መጽሐፉ ታተመ። እኔም ኋላ በንግድ ራሴን ችዬ የራሴን ልብ ወለዶች ሳሳትም፣ ክፉ ሰው ስጽፍ አላመነታሁም፤ ሰው በክፉው ገጸ ባሕርይ ውስጥ ራሱን እንደማይለይ አይቻለሁና። ሒሳቡ ግን ሁለት ወገን አለው። አጎቴን ያዳነው ይኸው አለመለየት መጽሐፉን ከታለመለት ሰው አራቀው፤ ከኮታችን አንዲት ቁና አልተቀነሰችም። ቢሆንም በደመርኩት ቁጥር ትርፉ ያመዝንብኛል፤ አጎቴ አርጅቶ በገዛ አልጋው ላይ ሞተ።