አብሬ የረገጥኩት ወሰን

«ዓይኔን እያየሽ?» አሉኝ አባባ ገመዳ፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ በሰው ሁሉ ፊት። «ኢንተላ ኮ፣ ዓይኔን እያየሽ?»

በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዋሸሁባቸው በኋላ እንኳን ልጄ አሉኝ። ይህን ለእናቴም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስለ ሐሜትና ጾም ስለመሻሬ ተናዝዤ፣ ይቺን ዘልያታለሁ። እናንተ ካህን አይደላችሁም፣ መፍታትም አትችሉም። ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ፣ ዩኒቨርሲቲ አልመጣልኝም። ለሚ ኩራ በኩል አዲስ የሚሠራ የግል ኮሌጅ ውስጥ የአንድ ኢንጂነር ረዳት ሆኜ ገባሁ። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ይገነባ ነበር፤ ጠዋት የጠረግኩት ጫማ ገርጂን ሳላልፍ አቧራ ይለብሳል። ኮሌጁ አካባቢ አይጎዳም የሚያሰኝ የአረንጓዴ ሕንፃ ሰርተፍኬት ፈለገ። ለዚያ የግቢው ወሰን ካርታ ላይ በአንድ መስመር ይከበባል፤ ከመስመሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይቆጠራል፣ ዛፉም መኪናውም። ዛፍ ነጥብ ይጨምራል። የመኪና ማቆሚያ ሲበዛ ነጥብ ይቀንሳል። የእኛ በዝቶ ነበር።

ኢንጂነሩ ካርታው ላይ አጎንብሶ ሲነጫነጭ ዋለ። እኔ መቀመጥ አልወድም፤ ዝም ማለትም አልችልበትም። «መኪኖቹ ከአጥሩ ጀርባ ያለው ሳር ላይ ቢቆሙስ? ከመስመሩ ውጪ ነው፣ ማን ይቆጥረዋል?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ፣ ጭንቅላት አለሽ እኮ!»

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። እኔ።

ሳሩ የአባባ ገመዳ ነበር። ሰፈሩ የገበሬ አገር ሳለ ከነበራቸው እርሻ ተሸራርፋ ተሸራርፋ የቀረችው ያቺው ቁራጭ ናት፤ አንዲት ላማቸውም የምትግጠው እዚያ ነው። የማን እንደሆነ አጣሪ ተብዬ ስሄድ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። በገበሬዎቹ ዘንድ ወሰን በወረቀት አይታወቅም፤ ሰው አብሮ ዞሮ ይረግጠዋል፣ የረገጠው ይመሰክራል። ከቁልቋሉ እስከ ቦዩ፣ ከቦዩ እስከ ግራሩ ዞርን። እኔ ስልኬን እነካካለሁ።

«አባባ ቶሎ በሉ፣ ታክሲ ያመልጠኛል።»

«ታክሲ መሬት መሰለሽ? ሌላ ይመጣልሻል» ብለው ሳቁብኝ። ዞረን ስንጨርስ ቆሙ። «በቃ፣ ረግጠሽዋል። ጎረቤቶቼ ሁሉ ተነሥተው ሄደዋል። ከእንግዲህ ምስክሬ አንቺ ነሽ።»

ቢሮ ተመልሼ በዚህ እጄ በቀይ እስክሪብቶ መስመሩን አሰመርኩ። ከመስመሩ ውጪ፣ የአባባ ሳር ላይ፣ «ክፍት ቦታ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ቃል፤ ባለቤት የለውም ማለት ነው። በሳምንቱ ዶዘር ቁልቋሉን ነቀለው፤ ሳሩ ጠጠር ለበሰ፤ መኪና ቆመበት።

አባባ ወረዳ አመለከቱ። ካርታ የላቸውም። ያላቸው እኔ ነበርኩ። የወረዳው ኃላፊ «ወሰናቸውን አሳይተውሻል?» ሲል ጠየቀኝ። ኢንጂነሩ አጠገቤ ተቀምጧል። ቋሚ ሠራተኛ ሊያደርጉኝ ነበር። ይሄ ምክንያት ይሆናል? አይሆንም። ፈርቼ ነበር? መፍራትስ ፈርቻለሁ፤ ግን እግሬ ያውቀው የለም እንዴ? ቁልቋሉን፣ ቦዩን፣ ግራሩን?

«አላሳዩኝም» አልኩ።

አላሳዩኝም! ያኔ ነው ዓይኔን እያየሽ ያሉኝ።

ሰርተፍኬቱ መጣና ዋናው በር ላይ ተሰቀለ። እኔም ቋሚ ሆንኩ፣ ሁለት ዓመት ሠርቼ ለቀቅኩ። ስንቴ ልናገር ብዬ ተነሣሁ። ለማን? ኢንጂነሩ የት እንዳለ አላውቅም፣ የወረዳው ኃላፊ ተቀይሯል፣ ላሟ ተሸጣለች። አሁን እውነቱን ብናገር ያን ሁሉ ጠጠር ማን ያነሣዋል? ይቅር በሉኝ አልልም። በምን አፌ?

ባለፈው ሳምንት ግን ልነግራቸው ሄድኩ። አባባ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው፣ በዚያው ምርኩዛቸው እያመለከቱ፣ ጠጠሩ ላይ መኪና ያስቆማሉ። ኮሌጁ ዘበኛ አድርጎ ቀጥሯቸዋል። አዩኝ፤ አወቁኝ። አፌን ስከፍት ከኋላዬ አንድ መኪና ክላክስ አደረገ።

«መኪና ይዘሻል?» አሉኝ።

«አልያዝኩም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ዞር በይለት፣ ኢንተላ ኮ። ይግባበት።»

ዞር አልኩ። መኪናው ገባ። ወደ ታክሲው ሄድኩ።