ዝናብ ያልነካት ባልንጀራዬ

ትሮምቦን የምትነፋ ሐበሻ ሴት ለንደን ውስጥ ፈልጉ ብትባሉ የምታገኙት እኔን ብቻ ይመስለኛል። ቀን ቀን ኬር ሆም ውስጥ አዛውንቶችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። በሳምንት አንድ ምሽት ደግሞ ትሮምቦኔን አዝዬ ሆሎዌይ ወዳለ የትምህርት ቤት አዳራሽ እሄዳለሁ፤ ማለቴ፣ እሄድ ነበር። እዚያ የሚለማመድ ቢግ ባንድ ነበረን። ሳክስፎኖች ከፊት፣ እኛ ትሮምቦኖች ከመሃል፣ ትራምፔቶች ከኋላ ተደርድረን እንቀመጣለን። መሪያችን ጡረታ የወጣ እንግሊዛዊ የሙዚቃ አስተማሪ ነው፤ አንዳችን ስናበላሽ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሐበሾቹ እኔና ባልንጀራዬ ብቻ ነበርን። እሷ ከፊት ረድፍ ሳክስፎን ትነፋለች፤ ወደ ባንዱ ያመጣችኝም እሷው ናት።

ከባንዱ በፊት ግን ኳየሩ ነበር። እኔም እሷም የአንድ አማርኛ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነን፤ ጴንጤዎች ነን፣ ከመዘምራኑ ጋር በኳየሩ አብረን ነበር የምንዘምረው። ይህን አገር ስረግጥ ዘመድ የሚባል አልነበረኝም። ያመመኝ ጊዜ ሾርባ ይዞ ደረጃውን የወጣው ኳየሩ ነው። እናቴ የሞተች ጊዜ ቤቴ መጥቶ መሬት ላይ አብሮኝ ያደረው ኳየሩ ነው። ልደቴን እንኳ እኔ ስረሳው እነሱ ያስታውሱኛል። ከኳየሩ ብወጣ ምን እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር ይታሰባል እንዴ? ሰው ከቤቱ ስለመባረር ቁጭ ብሎ አያስብም።

በቤታችን፣ በቤተ ክርስቲያናችን ማለቴ ነው፣ መዝሙር መዝሙር ነው፣ ዘፈን ዘፈን ነው። ዘፈን የተጫወተ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ አይዘምርም፤ ይኸን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ስለዚህ ባልንጀራዬ መጀመሪያ ወደ ባንዱ ነይ ወደ ባንዱ ነይ ስትለኝ ፈራሁ። እሷ ግን ለሁሉ ነገር መልስ አላት።

«ቃል የለውማ» አለችኝ። «ቃል የሌለው ነገር እንዴት ዘፈን ይባላል? ድምፅ ነው እኮ። ድምፅ ደግሞ የጌታ ነው።»

ወይ ምላስ! ያኔ ግን እንዴት ያማረ ክርክር መሰለኝ መሰላችሁ። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ላንናገር ተስማማንና ገባሁ። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከስትሪትሃም ድረስ በባቡር መጥታ ሆሎዌይ ጣቢያው በር ላይ ትጠብቀኛለች፣ ተያይዘን እንሄዳለን። እህት የለኝም፤ እሷን እህቴ ናት ብዬ ነበር የያዝኳት።

አንድ ቀን መሪያችን ከአገራችሁ አንድ ዜማ ስጡኝ፣ ለሰመሩ፣ ለበጋው ማለት ነው፣ ዝግጅት ላሰናዳው አለን። እኔ ኖታዬን ማገላበጥ ያዝኩ። እሷ ወዲያው አንድ የድሮ ዘፈን አንጎራጎረችለት፤ ድሮ በየሰፈሩ በሬዲዮ ሲመጣ እናቶች ሥራ አቁመው የሚሰሙትን አይነት። በዓይኔ ተቆጣኋት። አሁንም ቃል የለውም ብላ ሳቀችብኝ። ሰውዬው ለባንዱ አዘጋጀውና ዋናውን ሶሎ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚነፋውን፣ ለማን ቢሰጥ ጥሩ ነው? ለትሮምቦን፣ ለእኔ። ጎረቤት እንዳይጮህብኝ የትሮምቦኑን አፍ በካልሲ ወትፌ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ተለማመድኩት። ውነት ለመናገር ልቤ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ዝግጅቱ ከካሌዶኒያን ሮድ ገባ ብሎ ባለ ትንሽ ፓርክ ውስጥ ነበር። ነጮቹ ሰመር ይበሉት እንጂ የዚያ ዕለቱስ የለየለት ክረምት ነው። ጠዋት ካፊያ፣ ከዚያ ነፋስ፣ ከዚያ እንደገና ካፊያ። ኖታው እንዳይበርብን በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጠነዋል፤ እሱም ቢሆን ወረቀቱ እየራሰ ይቀደዳል። ሰዉ ጃንጥላውን ይዞ ከዛፍ ሥር ተኮልኩሏል። ልክ የእኛ ዜማ ተራ ሲደርስ ነፋሱ በላያችን ያለውን ድንኳን ገነጠለውና ዝናቡ ዶፍ ሆኖ ወረደብን።

ሳክስፎን ዝናብ አይወድም። ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት ቁልፎች ከሥራቸው ስስ ቆዳ አላቸው፤ ቆዳው ከራሰ ያብጥና መሣሪያው አለቀለት። ስለዚህ የፊት ረድፉ ባንድ ጊዜ ተነስቶ ኬክ ወደሚሸጥበት ድንኳን ሮጠ፣ ባልንጀራዬም አብራ። ትሮምቦን ምን ይሆናል? ብረት ነው። መሪያችን ውሃ ከባርኔጣው እየተንጠባጠበ በእጁ ቀጥሉ ቀጥሉ አለን። ሶሎው ደረሰና ተነሳሁ።

ነፋሁት። መጀመሪያ ጣቶቼ ቀዝቅዘው ነበር፣ ኋላ ረሳኋቸው። ከዛፉ ሥር የቆሙ ሐበሾች ነበሩ፤ ካሌዶኒያን ሮድ ካሉት ካፌዎች ቡና ጠጥተው ሲመለሱ ዝናብ የያዛቸው መሰሉኝ። አንዲት ሴትዮ ዜማውን ለየችውና ጃንጥላዋን እንደያዘች ግጥሙን ማውጣት ጀመረች። ሌሎቹ ተቀበሏት። ጭብጨባ ሆነ፣ እልልታ ሆነ፣ አንድ ጎልማሳ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ትከሻውን ሰበቀው። ቃል የለውም የተባለው ዜማ ቃሉን ከነአዝማቹ አገኘ! ዝናቡ በጀርባዬ ይወርዳል፣ እኔም ትከሻዬ አላርፍ ብሎኛል። ለንደን ከመጣሁ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይኸን ለማንም አልክድም።

ወደ ኬኩ ድንኳን ዞር ስል ባልንጀራዬን አየኋት። ጠብታ አልነካትም። ስልኳን ወደኔ ደግና እየቀረፀች ትስቃለች፤ አውራ ጣቷን አውጥታ አሳየችኝ። ለእኛው ማስታወሻ ነው ብዬ ይበልጥ ደስ አለኝ። ስንጨርስ ኮቴን ተቀብላ እንደ ልብስ አጣቢ ጨመቀችልኝ፣ ባስ ፌርማታው ላይ ቺፕስ ገዝተን ተካፈልን። አንቺ ጉደኛ፣ ገደልሻቸው እኮ አለችኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስገባ አየሩ ሌላ ነበር። ከኳየሩ ልጆች አንዷ ሰላም ስላት ጫማዋን አየች። ሌላዋ ከልክ በላይ አቀፈችኝ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚታቀፈው። ፕሮግራሙ ሲያልቅ የኳየሩ ኃላፊ የሆኑት ሽማግሌ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ወደ ኋላ ቢሮ ብቅ በይ አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ባልንጀራዬ ቆማለች። ሁለታችንም ተጠርተናል ማለት ነው ብዬ ልቤ መለስ አለ። አይዞሽ፣ አብረን እንነግራቸዋለን አልኳት። እጄን ያዘችኝ።

«ያቺ ስትዘፍን የነበረችው ሴትዮ የእዚህ ቤት ሰው ዘመድ ናት» አለች በሹክሹክታ። «አንቺን አይታሻለች፣ እኔን አላየችኝም። መሰማቱ አይቀርም ነበር። ሁለታችንም ከምንወጣ…»

አልጨረሰችውም፤ በሩ ተከፈተ። ከምንወጣ ምን? እስክቀመጥ ድረስ አልገባኝም፤ እውነቴን ነው፣ ሊገባኝ አልቻለም።

ጋሼ ስልካቸውን ከፊቴ አስቀመጡ። ቪዲዮው እኔ ነኝ፤ ፀጉሬ ፊቴ ላይ ተለጥፎ፣ ትከሻዬ እየተንቀጠቀጠ። ከስልኩ አፍ አጠገብ የእሷ ሳቅ ይሰማል፣ «ጎሽ! ጎሽ የኔ እህት!» ስትል። ጋሼ እያዘኑ አስረዱኝ። ይህች እህትሽ በዚያ በኩል ስታልፍ ድንገት አይታሽ ልቧ ተሰብሯል አሉ፤ ለጸሎት ግሩፑ የላከችውም ጸልዩላት ብላ ነው፣ በክፉ እንዳታዪባት። በዚያ በኩል ስታልፍ! ከስትሪትሃም ተነስቶ ካሌዶኒያን ሮድ ጭቃ ውስጥ በዝናብ ሲያልፍ የሚገኝ ማነው? ሳቋንስ ልቧ የተሰበረ ሰው ሳቅ ነው ብለው ነው የሰሙት?

ደሜ ፈላ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስሰማ ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር። እሷ ከጎኔ አጎንብሳ ተቀምጣለች፤ መጽሐፍ ቅዱሷን ጭኗ ላይ አድርጋ ታሻሸዋለች። ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ የእናቴን ለቅሶ ከፊት ሆነው ያስተናገዱት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ለጊዜው ከአገልግሎት ማረፍ ይኖርብሻል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ከዚህ ቤት ልጆች ከአንቺ ሌላ እዚያ የሚጫወት ሰው አለ?»

ወደ እሷ ዞርኩ። መሳደብ አልፈለግሁም፣ በጌታ ስም እላችኋለሁ፤ እኔ ነኝ እንድትል ብቻ ነው የጠበቅኳት። ብትለው ኖሮ እዚያው አቅፌያት ይቅር ብያት ነበር፤ አብረን ወጥተን አብረን ብናለቅስ ምን አለበት? ቀና አለች። አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ወደ መጽሐፍ ቅዱሷ መለሰች። እንግዲህ እኔው ልናገር ብዬ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ…» ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«ጋሼ፣ እባክዎ እንጸልይላት» አለች እሷ፣ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። መልስም አልጠበቀች። እጇን ትከሻዬ ላይ ጣለችና ዓይኗን ጨፍና ጮክ ብላ መጸለይ ጀመረች።

በእኛ ቤት ጸሎት አይቋረጥም። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አሜን ተብሎ ነው የሚሮጠው። ይኸን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፤ ለዚያ ነው የቸኮለችው። ጋሼም ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እኔም ጨፈንኩ። ስለ እኔ ለጌታ ታስረዳለች፤ ዓለም ስለሳበቻት እህታችን፣ ስለደከመችው እህታችን፣ እንደ ጠፋችው በግ ስለሆነችው እህታችን። ድምፅዋ ያምራል፣ ድሮም ያምር ነበር። እያለቀሰች ነው፤ እንባዋም የእውነት እንባ ነበር፣ እሱ ነው የባሰብኝ። አፌ ውስጥ ያለችው አንዲት ቃል፣ እሷም ትጫወታለች የምትለዋ፣ ጸሎቱ እስኪያልቅ ትጠብቃለች።

አለቀ። ስንት ዓመት የለመደ አፍ ነው፤ ያቺን ቃል ከማውጣቴ በፊት አሜን አልኩ።

ጋሼ ተነስተው ግንባሬን ሳሙኝ። ጌታ ይመስገን፣ ልቧ ተመለሰ አሉ፤ አሜኔን እንደ ኑዛዜ፣ ባንዱንም እንደ ተውኩት ቆጠሩልኝ። ከዚያ በኋላ ብናገር ከሳሽ ነበር የምባለው። ባልንጀራዬ አቀፈችኝ፤ እጆቼ ተንጠልጥለው ቀሩ። ወደ ደረጃው ስወጣ ኳየሩ ልምምድ ጀምሮ ነበር፣ እሷም ቦታዋን ልትይዝ በአጠገቤ አልፋ ሮጠች።