ሦስት ጊዜ የተነገረ መርዶ

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ከነርስነት ጡረታ ወጥቼ ቦሌ ሚካኤል ስኖር፣ የሰፈራችን እድር ሥራ ሰጠኝ። የመርሳት በሽታ የያዛቸውን አዛውንቶች ቤታቸው ሄደው የሚያጫውቱ በጎ ፈቃደኞች አሠልጥኚ ተባልኩ። ሰባት ሰዎች መጡ፤ ታናሻቸው ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ከመገናኛ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ገና ወንበር ሳይስቡ፣ "ሲስተር፣ እኛ ስንጃጅስ ማን ሊያጫውተን ነው?" አሉኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ያኔ ሥራ ላይ መሳቅ አልወድም ነበር።

ሥልጠናው የእድሩ ድንኳን በሚቀመጥበት ክፍል ሦስት ቅዳሜ ቆየ። የመጀመሪያው ትምህርቴ በሽተኛውን "ማን ነኝ? እስቲ ለየኝ" እያላችሁ አትፈትኑት የሚል ነበር። ይህን ማስተው አበሳ ሆነብኝ። የእኛ ሰው ሕፃንም ሽማግሌም ሲያገኝ "አወቅከኝ?" ሳይል አያልፍም። ሁለተኛውን ከአሮጌ የነርስ መጽሐፌ ነው ያገኘሁት፦ በሽተኛው ሲሳሳት እውነቱን በእርጋታ ንገሩት፣ ወደ ዛሬ መልሱት። ይህንን ደብተራቸው ላይ አስጻፍኳቸው።

የመጀመሪያው ቤት ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ የአንዲት እናት ነበር። ወንድ ልጃቸው ኤርፖርት ጭነት ክፍል ይሠራ ነበር። ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ የቀበርነውም እኛው የእድሩ ሰዎች ነን። እሳቸው ግን ረስተውታል። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር "ይኸው አረፈ፤ ዕቃውን አራግፎ ይመጣል" ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ልጄ ምነው ቀረ?" ብለው ይጠይቃሉ። በሰፈራችን ደግሞ አውሮፕላን ጠፍቶ አያውቅም።

ፈቃደኞቼ እውነቱን ንገሩ ተብለዋል። ነገር ግን የእድር ሰዎች ናቸውና ሞት እንዲሁ በዋዛ እንደማይነገር ያውቃሉ። ለእኔ ሳይነግሩ ተመካከሩ። ጎህ ሲቀድ አራት ሆነው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሄዱና እንደ ወጉ አረዷቸው። እናቲቱ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። ረፋዱ ላይ አውሮፕላን ሲያልፍ "ይኸው አረፈ" አሉ። ሰዎቹ መርዶው በደንብ አልገባቸውም ብለው ከሁለት ቀን በኋላ ደገሙት። ሳምንቱ ሳያልቅ ሠለሱት።

ሴት ልጃቸው ቤቴ መጣች። አልጮኸችም።

"ሲስተር፣ ወንድሜን በአንድ ሳምንት ሦስቴ ቀበርኩት። እማዬ ልቅሶውን ትረሳዋለች። እኔ አልረሳውም" አለችኝ።

በማግስቱ ሰብስቤ ወቀስኳቸው። ነጠላ አዘቅዝቁ ያላችሁ ማን ነው አልኩ። ባለታክሲው አንገታቸውን ደፍተው ከሰሙኝ በኋላ ደብተራቸውን ገለጡና ያስጻፍኩትን ቃል በቃል አነበቡልኝ።

"ሲስተር፣ እኛም አጥፍተናል" አሉ። "መርዶ አንዴ ነው የሚነገር። እኔ ሦስተኛው ላይ አልሄድኩም። ከሰዓት ብቻዬን ሄጄ ልጅዎ ምን ይወዳል ብዬ ጠየቅኋቸው። ሲያወሩኝ ዋሉ።"

"ዋሿቸው ማለት ነው?"

"ሞቷል አላልኩ፣ ይመጣልም አላልኩ። ዝም ብዬ ሰማሁ።"

 አፈርኩ። የሴትዮዋን ልቅሶ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ባለታክሲው ግን ጥፋቱን ከእኔ ጋር ሊካፈሉ ፈለጉ።

እሑድ ራሴ ሄድኩ። እናቲቱ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ብዙም ሳልቆይ አውሮፕላን አለፈ።

"ልጄ ምነው ቀረ?" አሉኝ።

ሠላሳ ዓመት ሞትን ለሰው ስናገር የኖርኩ ነርስ ነኝ፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

"ምን ይወዳል፣ እማማ?" አልኳቸው።

ከሥራ ሲገባ ጫማውን በር ላይ ጥሎ በቀጥታ ጓዳ እንደሚገባ፣ ወጡ ሳይበስል ከድስቱ እየጠቀሰ እንደሚያስቸግራቸው፣ ተልባ በጥብጠው እንደሚያቆዩለት ነገሩኝ። እየሳቁ ነበር የሚነግሩኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ልሄድ ስነሳ እጄን ያዙ።

"ሲመጣ መጥታ ነበር እለዋለሁ። ማን ልበለው?"

"የእድሯ ሴትዮ ይበሉት" አልኳቸው። "ያውቀኛል።"